የዘገየ የሚያሸንፍበት ውድድር
በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ከጉናጋዶ የመጡ አባላት ያቀረቡት ንግግር



እኛ ከጉናጋዶ የመጣን ሰባት አባላት ስለ ጅጅጋው ጉዞ እንድንናገር ተጋብዘናል። ጉዞው የቅዳሜና የእሑድ ነበር። የሄድነው ለገበያ ወይም ለሥልጠና አልነበረም፤ ብስክሌት ልንነዳ ነው የሄድነው። ወሬው ከእኛ ቀድሞ ስለ ደረሰ ብዙዎቻችሁ እንደ ሳቃችሁ እናውቃለን። ሳቁ አያስከፋንም፤ ውድድሩ ራሱ የሳቅ ውድድር ነበር። ነገር ግን ከሳቁ በኋላ ለጉባኤው የምናቀርበው ጥያቄ ስላለን ነገሩን ከመነሻው እንንገራችሁ።

በቅድሚያ የገንዘቡ ነገር ይነገር። ለጉዞው ከማኅበሩ ሣጥን አንድ ብር አልወጣም፤ ከለጋሾቻችን የመጣ ገንዘብም አልተነካም። የመኪናውን ሂሳብ ከየኪሳችን ከፍለናል። ያደርነው በዘመዶቻችን ቤት ነው፤ የበላነውም እነርሱ ያቀረቡልንን ነው። ይህን አስቀድመን የምንናገረው ሴቶች ሲጫወቱ ሲታዩ «በማን ገንዘብ?» የሚለው ጥያቄ ቶሎ ስለሚነሳ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም ይኸው ነው።

ግብዣው የመጣው ጅጅጋ ከምትኖር የአንዳችን እኅት ልጅ ነው። በሰፈሯ ያሉ ወጣቶች እሑድ ጠዋት አንድ መንገድ ለጥቂት ሰዓት ከባጃጅና ከመኪና ነጻ አድርገው በብስክሌት የሚደረጉ ጨዋታዎች አዘጋጅተው ነበር። ሐሳቡ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በ2011 ዓ.ም. ኅዳር ወር «መንገድ ለሰው» በሚል ስም በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች እሑድ ጠዋት መንገዶች ለመኪና ተዘግተው ለእግረኛና ለብስክሌት ሲከፈቱ ሁላችንም በቴሌቪዥን አይተናል። ልጅቷ ስልክ ደውላ «ሀብርያር፣ የሴቶች ዙር አለ፤ የተመዘገበች ሴት ግን የለችም። እናንተ ካልመጣችሁ ዙሩ ይቀራል» አለች። ከዚያ በኋላ እንዴት እንቅር?

ችግሩ ከሰባታችን ብስክሌት መንዳት የምትችለው አንዲት ብቻ መሆኗ ነበር። እርሷ ያደገችው ድሬዳዋ ነው። ድሬዳዋ የባቡር ሐዲዱ እ.ኤ.አ. በ1902 ሲደርስ የተቆረቆረች ከተማ ናት። በከዚራ በኩል መንገዶቿ ሜዳና ቀጥ ያሉ፣ በዛፍ ጥላ የተሸፈኑ ስለሆኑ ብስክሌት ከድሮ ጀምሮ የከተማዋ መታወቂያ ነው። እኅታችን በልጅነቷ ለዳቦ የተሰጣትን ሳንቲም ለብስክሌት ኪራይ እየከፈለች እንደ ተማረች ነገረችን። መምህራችን እርሷ ሆነች።

ብስክሌቷን የተዋስነው ከአንድ ባለሱቅ ነው። ከአስር ሰላት በኋላ ከብርካው ጀርባ ባለው ደረቅ ሜዳ ላይ እየተሰበሰብን ተለማመድን። መምህራችን በመጀመሪያ ፔዳሎቹን አስፈታች፤ ኮርቻውንም ሁለት እግራችን መሬት እስኪነካ ድረስ ዝቅ አስደረገች። ፔዳል ሳይኖር በእግር መሬቱን እየገፉ መንሸራተት ነው የመጀመሪያው ትምህርት። ሰው መጀመሪያ ሚዛን ይማራል፤ መርገጥ ኋላ ይመጣል። በዚህ መንገድ ብዙዎቻችን በሁለት ሳምንት ውስጥ ሚዛናችንን መጠበቅ ቻልን። ፔዳሎቹ ሲመለሱ የቀረው ትንሽ ነበር።

ስለ ልብሳችን የጠየቃችሁን ብዙ ናችሁ። የነዳነው በጅልባባችንና በረጅም ቀሚሳችን ነው፤ የተውነው ነገር የለም። ለዚህ የሚሆነው ከፊት ያለው ብረት ዝቅ ብሎ የተሠራው፣ የሴት ብስክሌት የሚባለው ነው። አደጋው ያለው በካቴናውና በኋላ ጎማው ላይ ነው፤ ቀሚስ ይይዛሉ። ለካቴናው ክዳን አደረግንለት፤ ለኋላ ጎማውም በሁለቱ ጎን መረብ አሰርንበት። መረቡን የሸመነችው ምንጣፍ የምትሠራዋ አባላችን ናት። ይህ አዲስ ፈጠራ አይደለም። በሆላንድ አገር ቀሚስ የለበሱ ሴቶች ብስክሌት የሚነዱት በኋላ ጎማው ላይ እንዲህ ዓይነት መከለያ እየተደረገ ነው።

አሁን ወደ ሽማግሌዎቹ እንምጣ። ልምምዱ በጀመረ በሦስተኛው ቀን አንድ የተከበሩ አዛውንት ወደ ሜዳው መጡ። «ልጆቼ፣ ይህ ለእናቶች ይሆናል?» አሉን። ከመካከላችን አንዷ «አዴር፣ እናታችን አህያ ላይ ስትቀመጥ ይሆን ነበር፤ ይህ ደግሞ ሣር የማይበላ አህያ ነው» ብላ መለሰች። ፈገግ አሉ፤ ግን አልተረቱም። «ባሎቻችሁ ያውቃሉ? ልብሳችሁ ይሸፍናል? ብቻችሁን ነው የምትሄዱት?» እያሉ አንድ በአንድ ጠየቁ። እኛም አንድ በአንድ መለስን። ሁለት እኅቶቻችን ባሎቻቸው ስላልፈቀዱ ከልምምዱ ቀርተዋል። ስለ እነርሱ ክፉ አንናገርም፤ እያንዳንዱ ቤት የራሱ ጊዜ አለው። አዛውንቱ ግን ሲሄዱ ዞር ብለው «ጀሪካን ይሸከማል?» አሉን። ይህን ጥያቄ ልብ በሉልን፤ እንመለስበታለን።

ቅዳሜ ከሱብሂ በኋላ ተነሣን። ከጉናጋዶ ደገሃቡር፣ ከደገሃቡር በአስፋልቱ ወደ ሰሜን፣ በቀብሪበያህ አድርገን ጅጅጋ ገባን። ከደገሃቡር ጅጅጋ ብቻ ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። መንገዱን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ግን እስከዚያ ቀን የሄድንበት በሐዘን፣ በሕመም ወይም በንግድ ምክንያት ነበር። ከሰባታችን መካከል ለደስታ ብቻ ተጉዛ የምታውቅ አልነበረችም። ይህን ያስተዋልነው መኪናው ውስጥ ተቀምጠን ስንቆጥር ነው። ለካ ሠርግ እንኳ ለእኛ ሥራ ነው፤ ምግብ እናበስላለን፣ ዕቃ እናጥባለን።

እሑድ ጠዋት የካራማራ ነፋስ እየነፈሰ መንገዱ ላይ ወጣን። ጨዋታው ሦስት ዓይነት ነበር፤ ሕፃናት ብቻ የሚወዳደሩበት፣ ውሃ የሞላ ጣሳ በአንድ እጅ ይዞ የሚነዳበት፣ ሦስተኛው ደግሞ የዝግታ ውድድር። የዝግታ ውድድር በብዙ አገር የታወቀ ጨዋታ ነው። ሕጉ አጭር ነው። ሁሉም በአንድ መስመር ይነሣል፤ እያንዳንዱ በኖራ የተሰመረለት የራሱ ጠባብ መንገድ አለው። እግሩ መሬት የነካ ይወጣል፤ ከመስመሩ ያለፈ ይወጣል፤ ወደ ኋላ መመለስ ክልክል ነው። ከቀሩት መካከል መጨረሻ የደረሰ ያሸንፋል።

ቀላል ይመስላል፤ ግን ከፍጥነቱ ይልቅ ከባዱ እርሱ ነው። ብስክሌት የሚቆመው ወደሚያጋድልበት በኩል መሪውን ትንሽ በማዞር ነው፤ ጎማው እየሄደ ከሰውዬው ሥር ይገባል፣ ውድቀቱም ይቃናል። በፍጥነት ሲነዳ ትንሽ ማዞር ይበቃል። በዝግታ ሲነዳ ግን ብዙ ማዞር፣ ቶሎ ቶሎ ማቃናት፣ ፍሬኑንና ፔዳሉን አብሮ መያዝ ይጠይቃል። ፍጥነት የለመዱት ወጣት ወንዶች በዙራቸው አንድ በአንድ ወጡ። አንዱ ቆሞ ለመቆየት ሞክሮ ወደቀ። አንዱ ትዕግሥቱ አልቆ ሮጦ ደረሰና አንደኛ ሆነ፤ ማለትም ተሸነፈ።

በእኛ ዙር ከሁላችን በዕድሜ የሚበልጡት፣ በገበያ የፍየልና የግመል ወተት የሚሸጡት እናታችን ነበሩ። ብስክሌት ከነኩ ወር አልሞላቸውም፤ በፍጥነት መንዳትም አይችሉም። ግን ዐይናቸውን ሩቅ ተክለው፣ መሪውን ወዲያና ወዲህ እያሉ፣ እንደ ግመል ዝግ ብለው መጡ። ተመልካቹ «ተርቲብ! ተርቲብ!» እያለ ጮኸ። እኛ እየቻልን ያለፍናቸው ሁሉ ተሸነፍን፤ እርሳቸው መጨረሻ ደረሱና አንደኛ ወጡ። ሽልማቱ አንድ ፔርሙዝ ነው። እዚያ ጥግ ላይ ሻይ የምትቀዱበት እርሱ ነው። ሲሸለሙ ምን ይላሉ ብሎ ወጣቱ ድምፅ ማጉያ ሲያቀርብላቸው «ወተት የሚሸከም ሰው መሮጥ አያውቅም» አሉ።

እኅቶቻችን፣ ይህንን ለማሳቅ ብቻ አይደለም የምንነግራችሁ። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለውን ተረት ሁላችን እናውቀዋለን። በሱማሊኛ ሃግባድ የምንለው እቁባችንም በዚሁ ነው የቆመው። በየሳምንቱ ትንሽ፣ ሳይቋረጥ። ማኅበራችን ሲመሠረት የተነገረንን ታስታውሳላችሁ፤ «ይህች ሳንቲም የት ታደርሳችኋለች?» ተብለን ነበር። ነገር ግን የዝናብ ወቅቶች አምስት ጊዜ በተከታታይ የከሸፉበት፣ ጉም ዴይርም የቀሩበት ያ ክፉ ድርቅ ሲመጣ፣ ብዙ ቤት ከብቱን ባጣበት ጊዜ፣ ለዱቄት የደረሰችው ያቺው ሳንቲም ናት። ዝግታ ስንፍና አይደለም። በዝግታ የሚሄድ ሰው እንዳይወድቅ በየቅጽበቱ ይሠራል። የእኛም ሥራ እንደዚያው ነው።

ሁለተኛው ትምህርት ስለ ጨዋታ ነው። ስለ ሴቶች መብት ብዙ ስብሰባ ተቀምጠናል፤ ጥቅም የለውም አንልም። ግን ሰው ስብሰባ ላይ ሲቀመጥ ለመከራከር ተዘጋጅቶ ነው የሚመጣው። በዚያ መንገድ ዳር የቆመው ሰው ለመሳቅ ነበር የመጣው። ሲስቅ ሲስቅ ያገቡ ሴቶች በጅልባባቸው ብስክሌት ሲነዱ አየ፤ ሰማይም አልተደፋም። ከውድድሩ በኋላ አንዲት እናት ልጇን ይዛ መጥታ «ኢዶ፣ ይህችን ታስተምሩልኛላችሁ?» ብላ ጠየቀችን። አባትየውም አጠገቧ ቆሞ ነበር፤ ዝም አለ፣ ግን አልተቃወመም።

በሌላ አገር ለዚህ ብዙ ዋጋ የከፈሉ አሉ። ማሱማ አሊዛዳ የተባለች የአፍጋኒስታን ልጅ በካቡል ጎዳና ብስክሌት ስትነዳ ስድብና ድንጋይ ይወረወርባት ነበር። ከአገሯ ወጥታ ፈረንሳይ ተሰደደች። እ.ኤ.አ. በ2021 በተካሄደው የቶኪዮ ኦሊምፒክ በስደተኞች ቡድን ውስጥ ሆና፣ ፀጉሯን ሸፍና በሰዓት ውድድሩ ተሰለፈች። ከሁሉም መጨረሻ ሆና ገባች። ግን ዛሬ ስሟን የምናነሣው እርሷን ነው። በዚያው ኦሊምፒክ ሰላም አምሃ አገራችንን ወክላ በብስክሌት ተወዳድራለች። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1956 በሜልቦርን ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ ስትገባም ከወከሏት መካከል እነ ገረመው ደንቦባ ብስክሌተኞች ነበሩ። ስለዚህ ብስክሌት ከውጭ ትናንት የመጣብን ነገር አይደለም፤ ለእኛ ለሴቶቹ ነው የዘገየው።

ሦስተኛውና ዋናው ትምህርት ስለ ሴት ልጆቻችን ነው። ከቀበሌዎቻችን አንዳንዶቹ ከትምህርት ቤት በጣም ይርቃሉ። ትንሽ ሳሉ በቅርብ ይማራሉ፤ ከፍ ሲሉ መንገዱ ይረዝማል። ወላጅ ስለ መንገዱ ይፈራል፤ ልጅቷም ጠዋት ውሃ ቀድታ እስክትመለስ ሰዓቱ ያልፋል። ትምህርቷን የምታቆመው ስላልቻለች አይደለም። በመካከል ያለው ርቀት ነው ያስቆማት።

በሕንድ አገር የቢሃር ክልል መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2006 ዘጠነኛ ክፍል ለሚገቡ ሴት ተማሪዎች ብስክሌት መግዣ መስጠት ጀመረ። ተመራማሪዎች ሲያጠኑት በዕድሜያቸው ሁለተኛ ደረጃ የሚገቡት ልጃገረዶች ቁጥር በ32 በመቶ ጨምሮ፣ በወንድና በሴት መካከል የነበረው ልዩነትም በ40 በመቶ ጠብቦ አገኙት። ጭማሪው በይበልጥ የታየው ከትምህርት ቤት በራቁት መንደሮች ነው። በዛምቢያም ለገጠር ሴት ተማሪዎች ብስክሌት ሲሰጥ የመንገዱ ጊዜ በሲሶ ያህል አጥሯል፤ ከትምህርት መቅረትም በ28 በመቶ ቀንሷል። እነዚህ አገሮች እንደ እኛው ሙቀት፣ አቧራና ድህነት የሚያውቁ ናቸው።

ስለዚህ ለሽማግሌው ጥያቄ እንመለስ። አዎን አዴር፣ ጀሪካን ይሸከማል። ከኋላ ጠንካራ ብረት ከተበየደለት ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይጭናል። 40 ኪሎ ጭኖ መንዳት ለጀማሪ አይሆንም፤ እየገፉ መሄድ ግን በጀርባ ከመሸከም እጅግ ይሻላል። ሆኖም ማንንም እንዳናታልል፤ ብስክሌት ዝናብ አያመጣም። አህያንና ግመልንም አይተካም፤ በአሸዋ ላይ አይሄድም። ትልቁ ጠላቱ ደግሞ የግራራችን እሾህ ነው። በልምምዳችን ወር የካላማዳሪያውን ቀዳዳ ስንቴ እንደ ለጠፍን መቁጠር ትተናል።

ለእሾሁም መላ አግኝተናል። አሮጌ ካላማዳሪያ በረጅሙ ተሰንጥቆ በጎማውና በአዲሱ ካላማዳሪያ መካከል ይነጠፋል፤ እሾሁ መሃል ላይ ይቀራል። ጅጅጋ ያለ አንድ ጎሚስታ ያለ ክፍያ አሳየን። ሰኞ ከመመለሳችን በፊት ሁለታችን ጎማ ማውለቅ፣ ቀዳዳውን በውሃ ውስጥ መፈለግ፣ መፈግፈግና መለጠፍ ከእርሱ ተምረናል። በጉናጋዶ ብስክሌት የሚጠግን ከሌለ፣ የተገዛው ሁሉ በሦስት ወር ውስጥ ግድግዳ ላይ ተደግፎ ይቀራል። ብዙ የእርዳታ ዕቃ እንዲህ ሆኖ ሲቀር አይተናል፤ ጀነሬተርም ቢሆን፣ የውሃ ፓምፕም ቢሆን።

እንግዲህ ለጉባኤው የምናቀርበው ጥያቄ ይህ ነው።

አንደኛ፣ ከቁጠባችን ለአራት ያገለገሉ የሴት ብስክሌቶች መግዣ የሚሆን ወለድ የሌለው ብድር እንዲፈቀድልን። ብድሩን የሚወስዱት ሴት ልጆቻቸውን ሩቅ የሚያስተምሩ አራት እናቶች ናቸው፤ እንደ ማናቸውም ብድር በየሳምንቱ ይመልሳሉ። ስጦታ አንጠይቅም። በብድር የተገዛ ዕቃ ይጠበቃል።

ሁለተኛ፣ ልጆቹ ወደ ትምህርት ቤት የሚሄዱት በአንድ ላይ እንዲሆን። አንዲት ልጅ ብቻዋን ስትሄድ ታፍራለች፣ ትሰጋለችም። አራት ሆነው ሲሄዱ መንገዱ የእነርሱ ነው። ሽማግሌዎቹ «ብቻችሁን ነው?» ብለው የጠየቁትም ለዚህ ነው፤ ጥያቄያቸውን እንደ ምክር ወስደነዋል።

ሦስተኛ፣ ለጋሾቻችንን የምንለምነው ብስክሌት እንድትገዙልን አይደለም። የጥገና መሣሪያ አንድ ሣጥን፣ ፓምፕ፣ መለጠፊያ፣ እንዲሁም ሁለት ወጣት ሴቶች ጅጅጋ ተቀምጠው ጥገና የሚማሩበትን ወጪ እንድትደግፉን ነው። ሁለቱ ሲመለሱ የባለሱቁንም፣ የመምህሩንም ብስክሌት እየጠገኑ ራሳቸውን ይችላሉ። የእኛ ሰዎች «ኢልኮ ወዳጂር ባይ ወህ ኩ ጎያን» ይላሉ፤ ጥርስ የሚቆርጠው አንድ ላይ ሲሆን ነው ማለት ነው። የአባላት ቁጠባ የታችኛው ጥርስ ከሆነ የእናንተ ድጋፍ የላይኛው ይሁን።

ድምፅ ከመስጠታችሁ በፊት «ብድሩ ባይመለስስ?» ብላችሁ መጠየቃችሁ አይቀርም። ብስክሌቶቹ በማኅበሩ ስም ይመዘገባሉ፤ ብድሩ እስኪያልቅ የማኅበሩ ናቸው። ሂሳቡን በየሦስት ወሩ በዚሁ መጽሔት እናሳውቃለን። ስንት ቀን ልጆቹ ከትምህርት እንደ ቀሩም፣ ስንት ጊዜ ጎማ እንደ ፈነዳም እንጽፋለን። ካልሠራም እንናገራለን።

በፍጥነት ውጤት አንገባላችሁም። አራት ብስክሌት አራት ልጅ ነው፤ ትንሽ ነው። ግን እግራችን መሬት ሳይነካ፣ ከመስመራችን ሳንወጣ፣ ወደ ኋላ ሳንመለስ እንሄዳለን። ጅጅጋ ላይ ያሸነፈው እንዲህ የሄደው ነው።